የሰሚራ ሰርቨር

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ አንዲት አዲስ ወጣት ባለሙያ የሁለት ሰርቨሮችን ንጽጽር ሠርታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። በአንድ በኩል ዋጋ፣ በሌላው ፍጥነት፣ ከታች ደግሞ አንዱ ለሌላው ተካፍሎ የወጣው ውጤት ተጽፏል። ሥራው ንጹሕ ነው። አንብቤ ስጨርስ «ማሽኖቹ ከተሰኩ በኋላ ስንት ቀን ቆይተሽ ለካሽ?» አልኳት። ጥያቄው አልገባትም፤ እኔም ያን ቀን አላብራራሁላትም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ግን ምንም ሳልሠራ ዋልኩ። ሐሳቤ መርካቶ ነበር።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ክረምት ላይ ነው። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። እኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ዱባይ ተራ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሻንጣ መጋዘን በተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ እየፈታሁ፣ ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየከፈልኩ የማሽን መመሪያ እያነበብኩ ነው የለመድኩት። እንዲህ የተማረ ሰው አንድ ፍርሃት አይለቀውም፤ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ ሰው መጥቶ ስህተቴን ያወጣዋል ይላል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር እጽፍ ነበር። ስንት ብሎን እንደፈታሁ ሳይቀር።

ሰሚራ እዚያው ሕንፃ ምድር ላይ ባለው የአባቷ የጫማ ሱቅ ትሠራ ነበር። አባቷ ሐጂ ከድር ጫማ የሚያስመጡት ከዱባይ ነው። እሷ ግን ኮምፒውተር ተምራ ስለነበር ልቧ ጫማው ላይ አልነበረም። ለምና ለምና አንድ ትልቅ ሰርቨር፣ ብዙ ሰው በአንዴ የሚሠራበትን ዓይነት፣ እንዲያስመጡላት አደረገች። ስምምነታቸውን ሕንፃው ሁሉ ያውቀዋል። ከተሸጠ ግማሹ ሱቅ የእሷ ይሆናል፤ ካልተሸጠ ወደ ጫማው ትመለሳለች፣ ነገሩም ዳግመኛ አይነሳም።

«ጫማ እንኳ እግር ላይ ይለካል» አሏት ሐጂ አንድ ቀን እኔ ባለሁበት። «ይሄንን ምን ላይ ልትለኪው ነው?»

«ከማል ላይ» አለች ወደ እኔ እያየች።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን እንደ ፍም ጋለ።

እወዳት ነበር። ጠዋት ጠዋት ሕንፃው በር ላይ ከምትጠብሰዋ ሴት በቆሎ ትገዛና ግማሹን ሰብራ ትሰጠኛለች። ጭቃው ላይ ቆመን፣ የተሸካሚዎቹን ግፊያ እየሸሸን፣ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ዲስክ እያወራን እንበላለን። ጎረቤቴ ሻንጣ ነጋዴው «ከማል፣ በቆሎውን ነው የምታየው ሰጪዋን?» ይለኛል ጮክ ብሎ። ለማንም ሳልናገር ሁሉም አውቆታል። ይሄ ያሳፍረኝ ነበር።

ገዢ የተገኘው ሐምሌ ላይ ነው። አቶ ግርማ የሚባሉ የመድኃኒት አከፋፋይ ናቸው፤ ጭድ ተራ አጠገብ ዋና መጋዘን፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ አምስት ቅርንጫፍ አላቸው። ሁሉንም በአንድ ሰርቨር ሊያገናኙ አስበው ሁለት ማሽን ቀርቦላቸዋል። አንዱን አንድ ትልቅ ድርጅት ለሙከራ ብሎ ከወር በፊት እዚያው ተክሎታል። ሁለተኛው የሰሚራ ነው፤ ዋጋው በሲሶ ያነሰ። አቶ ግርማ እኔን አስጠሩኝ።

«ሁለቱም ሻጮች አወራራቸው ልጅ የሚድሩ ነው የሚመስለው» አሉኝ። «አንተ ለራስህም አትዋሽም ይላሉ። ለካና እስከ ዓርብ ወረቀቱን ስጠኝ።»

የሰሚራ ማሽን ረቡዕ ጠዋት፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በአራት ተሸካሚ በዝናብ አቶ ግርማ ዋና መጋዘን ገባ። መርከብ ላይና ጉምሩክ ውስጥ ወራት ቆይቶ የወጣው በዋዜማው ነበር። ሰክቼ እንደተነሳ የአቶ ግርማን የሽያጭ ፕሮግራም ጫንኩበትና መለካት ጀመርኩ። አሥር ሺህ ደረሰኝ መዝግቦ እስኪጨርስ በእጅ ሰዓቴ ያዝኩ። የድርጅቱ ማሽን በአራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ጨርሶ ነበር። የሰሚራ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ።

«ድገመው» አለች። አጠገቤ ቆማለች።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ያው ነው።

«ከማል፣ ትናንት ነው ከጉምሩክ የወጣው። ዛሬ ይደርና ነገ ለካው።»

«ማሽን መንገድ አያደክመውም።»

«ዓርብ ነው ያሉህ። ዛሬ ገና ረቡዕ ነው።»

አቶ ግርማና ሁለት የሒሳብ ሠራተኞቻቸው እያዩን ነበር። አንደኛው ፈገግ ያለ መሰለኝ።

«ለዚያኛው ያልሰጠሁትን ቀን ላንቺ ብሰጥ ልኬት አይባልም» አልኳት። ድምፄ ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር።

አየችኝ። «እሺ» አለችና ጃንጥላዋን ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ወረቀቱን እዚያው ጻፍኩት። ዋጋው በሲሶ ቢያንስም ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚዘገይ፣ ለሚሠራው ሥራ ሲሰላ ውድ የሚባለው ረከሰ። ምንም እንዳይቀር ብዬ ከታች «በሁለተኛው ማሽን ፊት ላይ አንዲት ትንሽ ብርቱካንማ መብራት ብልጭ ትላለች» የሚል ጨመርኩ። መብራቷ ምን ማለቷ እንደሆነ ግን መመሪያ ውስጥ ገብቼ አልፈለግሁም። አቶ ግርማ ወረቀቱን አንብበው ጨበጡኝ።

ሐጂ ከድር አልተቆጡም። በሳምንቱ ለኮምፒውተር ተለቅቀው የነበሩት መደርደሪያዎች ላይ የሕፃናት ጫማ ተደረደረ። ማሽኑን ፒያሳ ላለ ማተሚያ ቤት በኪሳራ ሸጡት። ሰሚራ ስታየኝ ሰላም ትለኛለች፤ ትክክለኛ ሰላምታ፣ ለደንበኛ የሚሰጠውን ዓይነት። የበቆሎው ወራት ሳያልቅ እኔ በሌላኛው በር መግባት ጀመርኩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሰርቨሩ ላይ ፕሮግራም እንድጭንላቸው ጠሩኝ። ማሽኑን ሳየው አወቅሁት። ለአቶ ግርማ የለካሁበት ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ነበረኝና ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ከፈትኩት። ሰዓቴን ያዝኩ። በሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ጨረሰ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት። ብርቱካንማዋ መብራት አረንጓዴ ሆናለች።

መመሪያውን ያነበብኩት ያኔ ነው። ማሽኑ ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታክል ባትሪ አለች። መብራት ድንገት ቢጠፋ፣ ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈውን መረጃ ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። ባዶ ስትሆን ማሽኑ ይጠነቀቃል፤ እያንዳንዷ ደረሰኝ ዲስክ ላይ መጻፏን ሳያረጋግጥ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ወራት ሳይሰካ የቆየ ማሽን ባትሪው ያልቃል። እስኪሞላ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል፤ እስከዚያ መብራቷ ብርቱካንማ ናት። የድርጅቱ ማሽን ወር ሙሉ ተሰክቶ ነበር።

ከፒያሳ በእግሬ ወረድኩ። ፀሐይ ነበር፤ የመርካቶ ጭቃ ደርቆ አቧራ መሆን ጀምሯል። ሰሚራ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጫማ ላይ ክር ታስገባለች። ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ሳታቆም ሰማችኝ።

«አዲስ ወረቀት እጽፋለሁ» አልኳት። «አቶ ግርማም ጋ ራሴ እሄዳለሁ።»

«እሳቸው ገዝተዋል። የእኔም ተሸጧል። ለማን ነው የምትጽፈው?»

ክሩን ሳብ አድርጋ ቋጠረችው።

«የባትሪውን ነገር እኔም አላውቅም ነበር» አለች። «ለአቶ ግርማ 'ከማል ይለካው' ያልኳቸው እኔ ነኝ። እንድታዳላልኝ ብዬ አልነበረም፤ ደህና አድርጎ የሚያይ አንተ ነህ ብዬ ነው። አንድ ቀን ቆይ ስልህ ምክንያት አልነበረኝም። ያለ ምክንያትም ትቆይልኛለህ ብዬ ነበር።»

አንዲት ሴት ገብታ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ጠየቀች። ሰሚራ ተነሳች። «አለ፣ ጥቁሩም ቡኒውም አለ» እያለች ወደ መደርደሪያው ሄደች። ትመለስ እንደሆነ ጥቂት ቆሜ ጠበቅሁ። ሌላ ደንበኛ ገባ። በዓመቱ አግብታ ወደ ቡታጅራ ሄደች። የሰርጓን ዳቦ ሻንጣ ነጋዴው አምጥቶልኝ ነበር፤ ያን ቀን ሳይቀልድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

አሁን ብዙ ሰርቨር የሚተዳደርበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች የባትሪዋን ነገር ሁልጊዜ አስተምራለሁ። ይስቃሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ። ቀሪውን አልነግራቸውም። ያን ረቡዕ ሻጩ የማላውቀው ሰው ሆኖ «ይደር» ቢለኝ ያለ ጥያቄ አሳድርለት ነበር፤ ለማንኛውም ሻጭ የማደርገው ነገር ነው። እንቢ ያልኩት እሷ ስለሆነች፣ ሰዎቹም እያዩኝ ስለነበረ ነው። ሰሚራ የለመነችኝ ለማንም ከልክዬው የማላውቀውን ነው።