የሚስቱ ሠልጣኝ

ተማሪዎቹ «ቀመር» ይሉታል። ረጅም፣ ቀጭን የሒሳብ መምህር ነው፤ ከኮቱ እጅጌ ላይ የጠመኔ ብናኝ አይጠፋም። አንዴ ወደ ሰሌዳው ከዞረ ከላይ እስከ ታች ሳይሞላው አይመለስም። ማን ገባው፣ ማን ቀረ ብሎ ዞር ማለትን ግን ብዙም አልለመደበትም። የሚገባው ይገባዋል፤ ያልገባው አልፈጠረበትም ብሎ ያምናል። በየዓመቱ መዝጊያ ላይ «ምስጉን መምህር» ተብሎ ሲጠራ ኮቱን ይቆልፍና ወደ መድረክ ይወጣል። ሚስቱ ከመምህራኑ መሐል ተቀምጣ ታጨበጭባለች።

እሷም መምህርት ናት። የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል ታስቆጥራለች፣ አፍንጫ ትጠርጋለች፣ የጫማ ክር ታስራለች። እሱ ባለ ዲግሪ፣ እሷ ባለ ዲፕሎማ። ሰው በተሰበሰበበት «የእኔዋ እኮ ስትዘፍን ውላ ነው ደመወዝ የምትበላው!» እያለ ይቀልዳል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ቤቱ በዚህ ተደላድሎ ይኖር ነበር፦ አንድ ምስጉን፣ አንድ አጨብጫቢ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ጠራ። «ለክረምቱ የመምህራን ሥልጠና ዘንድሮ ከእኛ ትምህርት ቤት አንድ አሠልጣኝ ተመርጧል» ሲል ቀመር ሳያስበው እጁ ወደ ኮቱ ቁልፍ ሄደ። ወገቡንም ከወንበሩ ብድግ አድርጎ ነበር። የተጠራችው ግን ሚስቱ ናት። የሥልጠናው አስተባባሪ በዓመቱ መሐል ክፍሏ ገብቶ፣ ከኋላ ተቀምጦ፣ ልጆቹ እንዴት እንደሚያነቡ አይቶ ኖሯል።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቀመርም አጨበጨበ፤ መዳፎቹ ግን የእሱ አይመስሉም ነበር።

ቤት ሲደርሱ የባሰ መጣ። አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ ወሬውን ሲሰሙ ምራታቸውን ጉንጭና ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟት። «እሰይ የእኔ ልጅ! እኔ ድሮም አውቄዋለሁ!» አሉ። ለእሱ ምስጉንነት እንዲህ ሆነው ያውቃሉ? አያውቁም። «እሰይ፣ በል ራትህን ብላ» ነበር የሚሉት። ይቺን ሲያስብ ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

ሥልጠናው የተጀመረው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከፊት የሚናገር ሰው ከኋላ አይሰማም፤ ግድግዳው ረጥቦ በማስቲሽ የተለጠፈው ወረቀት ሁሉ እየተላጠ ይወድቃል። ጠረጴዛዎቹ ለቡድን ውይይት ተገጣጥመዋል። ወንበሩ ያጠረበት ቀመር ጉልበቱ ጠረጴዛውን እየገፋ፣ ከስፖርት መምህሩ ጎን ተቀመጠ። ይህ የስፖርት መምህር ነገረኛ አይደለም፤ ምላሱን ግን ልጓም አላበጀለትም። ገና ሳይደላደሉ ወደ ቀመር ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «አየህ ዕድልህን! እኛ ነገ ብንቀር ከደመወዝ ነው የሚቆረጥብን፤ አንተ ግን ከራትህ ነው» አለው። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

ሚስቱ ማርከር ይዛ ፊት ለፊት ቆመች። ቤት ውስጥ «ኧረ ልብስህን ከወንበር ላይ አንሣ!» የምትለው ያች ድምፅ እዚህ ሌላ ናት፤ ለስለስ ብላ ከዝናቡ በላይ ትሰማለች። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሽማግሌዎች አንገታቸውን አስግገው ያዳምጧታል። ከሁሉም የከነከነው ደግሞ ሠልጣኙን ሁሉ «እርስዎ» ማለቷ ነው። ወደ እሱ ዞራም እንደ ማንኛውም ሰው፣ «እርስዎስ ምን ይጨምራሉ?» አለችው። አንድ አልጋ ላይ አድራ የመጣች ሚስቱ!

አስተባባሪው በር ላይ ቆሞ ፈገግ ብሎ ያያታል። ፈገግታውም አስጠላው። «ምን ያስቀዋል ይሄ?» አለ በሆዱ። ለነገሩ ሰውዬው ለሁሉም ሰው ነበር ፈገግ የሚለው። ቅናት ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ጥርስ ሁሉ ለሚስት የተገለጠ ይመስላል።

በማግሥቱ እጁን አወጣ። ሌሊቱን ሲያሰላስላት ያደረች ጥያቄ ነበረችው። «ይሄ ሁሉ ጨዋታ ለሕፃናት ይሆናል» አለ። «ለእኛ ለሒሳብ መምህራን ግን ምን ይረባናል? ክፍልፋይን በክፍልፋይ ስናካፍል ሁለተኛውን ገልብጠን የምናባዛው ለምንድን ነው? በዚህ በእርስዎ ዘዴ እስቲ ያስረዱን።» «በእርስዎ» የምትለዋን ቃል ጫን አድርጎ ነው የተናገራት።

እሷ ትንሽ አሰበችና፣ «እኔ እንኳ አላውቀውም» አለች። «ልጅ ሳለሁ ገልብጠሽ አባዢ ነው የተባልኩት። የጠየቅኩበትም ቀን የለም። እርስዎ ለተማሪዎችዎ ምን ይሏቸዋል?»

ቀመር አፉን ከፈተ። ምክንያቱን ያውቀዋል፤ በትምህርት ዘመኑ አጥንቶታል። ለተማሪ ነግሮት ግን አያውቅም። «ሕጉ ነው እላቸዋለሁ» አለ። ሳቅ ተነሣ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ከሻይ እረፍት የተረፈውን ዳቦ በየጠረጴዛው አዳረሰችና «ሦስት ዳቦ ለአንድ ሰው ግማሽ ግማሽ ቢታደል ለስንት ሰው ይደርሳል? እስቲ ከዚያ ጀምሩና አብረን እንድረስበት» አለች። ሰዉ ዳቦ እየቆረሰ፣ እየተከራከረ፣ ፍርፋሪውን እየቃመ ደረሰበት። ሊያሰናክላት የወረወረው ድንጋይ መወጣጫ ደረጃ ሆነላት። ያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ ዣንጥላውን ለሁለት ይዘው፣ እሱ ወደ ራሱ እየሳበው ደረሱ።

ከዚያ የልምምድ ትምህርት ተራ መጣ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ያስተምራል፤ የተቀሩት እንደ ተማሪ ይሆናሉ። ቀመር ኮቱን ቆልፎ ወጣ። የሥራ ባልደረቦቹን አይቶ ልቡ ሞላ፤ ዛሬ ማን መምህር እንደሆነ ታያለች። ወደ ሰሌዳው ዞረና እጁ እንደ ልማዱ ይፈስስ ጀመር። ከኋላው የስፖርት መምህሩ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» አለ። አልዞረም። የወረቀት ኳስ ሰሌዳው ላይ አርፋ ወደቀች። አልዞረም። ሰሌዳውን ሞልቶ እጁን እያራገፈ ሲመለስ አዳራሹ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። አንድ ሽማግሌ መምህርማ ያንኮራፋሉ፤ ከልባቸው ይሁን ከቀልድ አልታወቀም።

ሲስቁ ሳቃቸው ከዝናቡ በለጠ። እሷ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና፣ «የጻፉት አንድም ስሕተት የለበትም» አለች። «ግን የሚያስተምሩትን ሰው አላዩትም። እኛም ፊትዎን አላየነው።»

ቀስ ብላ፣ ሳታፌዝ ነው የተናገረችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እውነት ከሚስት አፍ በሰው ፊት ሲወጣ አንጀት ይልጣል። ቀመር ዕቃውን ሰብስቦ ቀኑ ሳያልቅ ወጣ።

አስተባባሪው ግቢው በር ላይ ደረሰበት። «ጎሽ፣ አገኘሁህ» አለው። «ለሁለተኛው ዙር ሌላ ከተማ የምንልከው አሠልጣኝ ጎደለብን። ባለቤትህን ልልካት አስቤ ነበር። እሷ ገና ከሰዎች ጋር ተይዛለች፤ እኔ ደግሞ አሁኑኑ ስም ማሳወቅ አለብኝ። ለቤታችሁ ይመቻል?»

ቀመር ያሰበው ነገር አልነበረም። አፉ ቀደመው። «አይመችም» አለ። «እናቴ ታማለች። አልጋ ላይ ናት። የምታነሣት የምትጥላት ሚስቴ ናት። ብቻ እንደጠየቅከኝ እንዳትነግራት፤ እምቢ ማለት ስለማትችል ትጨነቃለች።»

አስተባባሪው አዘነ፣ ትከሻውን ጨበጥ አድርጎት ሄደ። ቀመር በዝናቡ መሐል መንገድ ጀመረ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ለጥቂት እርምጃም ደስ አለው። ከዚያ በኋላ እናቱን በገዛ ምላሱ አልጋ ላይ ያስተኛ ልጅ መሆኑ ገባው። ቢሆንም አልተመለሰም።

ወሬ እግር የለውም፤ ግን ይደርሳል። በማግሥቱ ከሥልጠና በኋላ ባልና ሚስቱ ቤት ገብተው ገና እግራቸውን ሳያሳርፉ በሩ ተንኳኳ። አስተባባሪው፣ የስፖርት መምህሩና ሌሎች ሠልጣኞች ብርቱካን በላስቲክ አንጠልጥለው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ቆመዋል። «ባለቤትህ ችላ ይዛዋለች፣ እኛም ሳንነግራት እንሂድ ብለን ነው» አለው የስፖርት መምህሩ ቀመርን በሹክሹክታ። ሚስቱ ግራ ገብቷት «ግቡ እንጂ» አለች።

ገቡ። በሽተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርበው፣ እሱ ላይ ቆመው፣ ያጠቡትን መጋረጃ ይሰቅላሉ።

«ውይ እማማ! ከአልጋ እንዴት ተነሡ?» አለ የስፖርት መምህሩ።

«የምን አልጋ?» አሉ እናቱ፣ አፋቸው ውስጥ የያዙትን መርፌ ቁልፍ እያወጡ። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩ። አመድ መስሏል። እናት ናቸውና ከዚህ በላይ አላስፈለጋቸውም። ቀስ ብለው ወረዱ፣ ወገባቸውንም ያዙ። «ትናንት ትንሽ ወገቤን ያዝ አርጎኝ ነበር፤ ልጄ ሆደ ቡቡ ነው፣ አጋነነው። እግዜር ይስጥልን፣ ተቀመጡ።»

አስተባባሪው ግን ነገሩን በቅንነት ጨረሰው። ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «አይዞሽ፣ የሁለተኛው ዙር ቢያመልጥሽም ለከርሞ ትሄጃለሽ። ባለቤትሽ እንዳትጨነቂ ብሎ ነው የነገረኝ፤ ሌላ ሰው ተክተናል» አላት።

ሻይ እየቀዳች ነበር። ብርጭቆውን ሞላች፣ ቀጣዩን ሞላች፣ ለባሏም ሰጠችው። እንግዶቹ ተጫውተው፣ ምርቃት ተቀብለው ወጡ።

በሩ ሲዘጋ እናቱ ቀደሙ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተስ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቆየው። እኔን ስታስተኛኝ ትንሽ አይሰቀጥጥህም? ደግሞ በሰው ፊት አስዋሸኸኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ!» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ሚስቱ ቁጭ አለች። «ለምን?» አለች።

ብዙ ነገር ሊል ይችል ነበር፤ ስለ መንገዱ ርቀት፣ ስለ ዝናቡ። «ቀናሁ» አለ። «ሁሉም አንቺን ሲያይ፣ እናቴም ሳትቀር... ቀናሁ።»

«እኔስ አልቀናሁም ብለህ ነው?» አለችው። «አንተ መድረክ ላይ ስትወጣ፣ ሰው ፊት ስትዘፍን ትውላለች ስትለኝ፣ ሆዴ ይቃጠል ነበር እኮ። ቅናቴን ግን አፍ አላበጀሁለትም። አጨበጨብኩ።» ተነሥታም ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።

በማግሥቱ ቀመር በጠዋት አስተባባሪው ዘንድ ሄደ። «እናቴ አልታመመችም ነበር» አለው።

«መጋረጃ ሰቃይ በሽተኛ ያየሁት ትናንት ነው» አለ አስተባባሪው። አሁን ፈገግ አላለም።

«ቦታዋን መልስላት።»

«ሰውየው ዛሬ በሌሊት ተሳፈረ። የኔ ወንድም፣ እኔ ጋ የመጣኸው ዘግይተህ ነው፤ እሷ ጋ ግን ገና ጊዜ አለህ።»

ያም ቢሆን እንደ አፍ አልቀለለም። ሳምንቱን ሙሉ ቤትም ውስጥ አንቱ አለችው፤ «ራትዎ ቀርቧል» ስትለው ከጥፊ ይብስ ነበር። ሥልጠናው እስኪያልቅ ከፊት ረድፍ ተቀመጠ፤ አልጠየቀም፣ አላደናቀፈም፣ ወንበር አነሣ፣ የተላጠ ወረቀት ለጠፈ። አንድ ቀን ዝናብ ላይ ዣንጥላውን ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ አድርጎ በስብሶ ሲሄድ አየችውና፣ «ኧረ ወደ ውስጥ ግባ፣ ታመህ እኔን አስታማሚ ልታደርገኝ ነው?» አለችው። «ግባ» ማለቷን ሰምቶ ልቡ ዘለለ። ተማሪዎቹ ደግሞ በመስከረም የቀመርን ፊት ማየት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ፈርተው ነበር፤ የተቆጣ መስሏቸው።

በሚቀጥለው ክረምት እሷ ሌላ ከተማ ሄደች። ሻንጣዋን እስከ መኪናው የተሸከመው እሱ ነው። ያዳራሹ አዲስ አሠልጣኝ ከፕሮጀክተሩ ላይ ቃል በቃል የሚያነብ ልጅ እግር ሆነ፤ የስፖርት መምህሩ ጠጋ ብሎ «ያንተዋ ትሻለን ነበር» ሲለው ቀመር «ምን ጥርጥር አለው!» አለ ጮክ ብሎ፣ አሠልጣኙ እስኪዞር።

ወደ ማታ ላይ ደወለች። ከጀርባዋ የብዙ ሰው ሳቅ ይሰማል። «ምን ያስቃችኋል?» አላት። «ኋላ እነግርሃለሁ፣ እየጠሩኝ ነው» ብላ ዘጋችው። ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ደህና ናት?» አሉ እናቱ ከጓዳ።

«ደህና ናት። ደስ ብሏታል።»

«አንተስ?»

«እኔማ እየቀናሁ ነው።»

እናቱ ሳቁ። «እንግዲያውስ ና፣ ሽንኩርቱን ክተፍልኝ» አሉት።