እማማና የመጨረሻው ፊልም

ብቻውን የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ካሜራ መግዛት አልነበረበትም። ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ፊቱ እንደ አኮርዲዮን ይለጠጣል፤ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ጭንቅላትህን ከተህ መስታወቱ ላይ የምታየው ሁሉ ተገልብጦ ነው። ኮልፌ ውስጥ ከተዘጋ ፎቶ ቤት ገዛሁት። ፊልሙ እንደ መጽሐፍ ገጽ አንድ በአንድ ይጫናል፤ ያለኝ አራት ብቻ ነበር። ደግሞም ዝም ብሎ የሚቀመጥለት ሰው ይፈልጋል። እኔ ሰው የለኝም።

ሥራዬ እቤት ውስጥ ኮምፒዩተር ላይ ነው። አንድ ቃል ሳልተነፍስ የሚመሽባቸው ቀኖች አሉ። የሚያናግሩኝ የግቢው በር አጠገብ የሚኖሩት እማማ ብቻ ነበሩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ እኔ በገባሁ ቁጥር፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው «ኖር!» ብለው ይነሳሉ።

«በእግዜር! ኧረ አይነሱ፣ እማማ።»

«ሰው ሲመጣ ካልተነሳሁማ ምኑን ሰው ሆንኩት?»

በዕድሜ የልጅ ልጃቸው ነኝና ሁልጊዜ አፍር ነበር።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ልጃቸው ደብረ ብርሃን ልትወስዳቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ፎቶግራፋቸው ሳይኖረኝማ አይሄዱም አልኩ።

የጀማሪ ወግ ነውና ሦስቱን ፊልም አበላሸሁ። አንዱን መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ ስጭን የስልኬ መብራት በርቶ አቃጠለው፤ አንዱን በጀርባው ጫንኩት፤ ሌላውን በሞቀ ውሃ አጥቤ ቆዳው ተላጠ። አራተኛው ለእማማ ቀረ።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳው ላይ ተቀመጡልኝ። ጨርቁ ውስጥ ገባሁ።

«ምን ይታይሃል?»

«እርስዎ፤ ተዘቅዝቀው።»

«እሰይ! በእርጅናዬ ዘቀዘቅኸኝ?»

የሌንሱ መዝጊያ ስለማይሠራ ክዳኑን በእጄ ከፍቼ እስከ አራት መቁጠር ነበረብኝ። እስክዘጋው እንዳይንቀሳቀሱ ለመንኳቸው። «ድንጋይ እሆንልሃለሁ» አሉኝ።

ከፈትኩት። አንድ። ሁለት። ከኋላዬ የግቢው በር ሲጢጥ አለ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው።

«ኖር!»

የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሱ። እንደ ልማዳቸው ግማሽ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ያዛቸውና ቆም አሉ። ክዳኑን የመለስኩት ያኔ ነው።

ተናደድኩ፤ በሰውየውም፣ በእሳቸውም። «ምነው እማማ!» አልኩ።

«ሰው ገባ እኮ፣ ልጄ» አሉ፣ አጥፊው እኔ የሆንኩ ይመስል።

በሄዱበት ጠዋት ሻንጣቸውን መኪናው ድረስ ተሸከምኩ። ፊልሙን ግን ለማጠብ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ባዶውን በረንዳ አንገቴን ደፍቼ እያለፍኩ ሳምንታት አለፉ። በጣም ናፈቁኝ።

በመጨረሻ አጥቤ አተምኩት። ወንበሩና ግድግዳው ጥርት ብለዋል። እማማ ግን ሁለት ናቸው። የተቀመጡት እንደ ጭስ ስስ ስለሆኑ የወንበሩ ጣውላ በውስጣቸው ይታያል። ግማሽ የተነሱት ደግሞ ነጠላቸው ተንሸራቶ፣ ከኋላዬ ወደነበረው በር፣ ማለትም ወደ እኔ፣ እያዩ ነው። አፋቸው ከፈት ብሏል።

ከቤቴ በር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። አመሻሽ ላይ ዳቦዬን ይዤ ስመለስ በሩን እከፍታለሁ። ቤት ውስጥ ማንም የለም።

«በእግዜር» እላለሁ። «ኧረ አይነሱ፣ እማማ።»