የሾተላይ ቁጥር

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል ተቀጥሬአለሁ። ሐኪም ካርድ ላይ የጻፈውን በሽታ ወደ ቁጥር ለውጬ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ቁጥሮቹን ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ ያረጀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዤ፣ ቃል በቃል እየፈታሁ ነው የለመድኳቸው።

ታላቅ እህቴ ሦስተኛ ልጇን ልትወልድ ከዳባት ስትመጣ ፊቷ አብጦ አንድ ዓይኗ ተከድኖ ነበር። ሁለቱ ልጆቿ ገና በአራስ ቤት ቢጫ ሆነው ሞተውባታል። ባሏ፣ «ሾተላይ ናት፤ ልጆቼን የፈጀች እሷ ናት» እያለ ሲቀጠቅጣት ከርሟል። እናቴም ብትሆን ሾተላይ ነው ባይ ናት። «ምን ላርግ ልጄ፤ ደብተራው ክታብ ጽፎላት ነበር፣ አልያዘም» ትለኛለች።

ሕፃኑ ተወልዶ ቀን ሳይሞላው የዓይኑ ነጭ ሳይቀር እርድ መሰለ። ካርዱ ሲመጣልኝ ፒ ሃምሳ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ፤ እንዲሁ የአራስ ሕፃን ቢጫነት ማለት ነው። ሐኪሙ አይቶ ጮኸብኝ።

«አንቺ! ሁለተኛውን መስመር አላነበብሽም? የእናትና የልጅ ደም አልተስማማም። የእሷ ደም የልጁን ደም እየሰባበረው ነው። ዛሬውኑ ጎንደር ሄዶ ደሙ ካልተለወጠ ይሞታል!»

ሰርዤ ፒ ሃምሳ አምስት አልኩ፤ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ማለት ነው።

ወዲያው ከዳባት ተከትሏት የመጣው ባልየው እህቴን በጸጉሯ እየጎተተ መስኮቴ ላይ ደረሰ። ሕፃኑ እናቴ እቅፍ ውስጥ ነው።

«የመውጫ ወረቀት ጻፊ! ለሚሞት ልጅ ጎንደር የለም። እሷን ጠበል አስገባታለሁ።»

«አልጽፍም! ሾተላይ የምትለው ይኸው ቁጥር አለው። የደም በሽታ ነው። እሷ ምን አጠፋች?»

«ቁጥር ትቆጥሪልኛለሽ?»

ዱላውን በመስኮቱ አሾልኮ ግንባሬን ፈነከተኝ። ደሜ መዝገቡ ላይ ተንዠቀዠቀ። ሊደግመኝ ሲል ዱላውን በሁለት እጄ ይዤ ተንጠለጠልኩበት። እህቴ ከኋላ ክንዱን ነከሰችው፤ ዱላውን እስኪለቅ አልለቀቀችውም። ዘበኛው መጥቶ መሬት ላይ ሲጥለው፣ እሷ በተቀደደ ቀሚሷ ልጇን ከእናቴ ተቀብላ ጎንደር የሚወስዳቸው የሆስፒታሉ መኪና ውስጥ ገባች።

ጎንደር የልጁን ደም ለወጡለት። ተረፈ።

እነሱ ከተመለሱ በኋላ እናቴ ካርድ ክፍል መጣች። የተሰፋውን ግንባሬን ዳሰሰችና፣ «እስቲ ያን ቁጥርሽን በወረቀት ጻፊልኝ» አለችኝ። ጻፍኩላት። ቤት ሄዳ የእህቴን ክታብ ቆዳ በምላጭ ተረተረች፤ ወረቀቱን ከብራናው ጎን ከትታ መልሳ ሰፋችው፤ ከዚያ ልጁ አንገት ላይ አሰረችው።