ወደማላየው አገር የሚሄዱ ወፎች

በሚያዝያ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ከዓሣው ሙሽራው ይበዛል። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር መኪና ማቆሚያ አይገኝም፤ ቬሎ የለበሰች ሁሉ ጀልባ ላይ ፎቶ መነሳት ትፈልጋለች። እኔ የምሠራው ከእነዚህ ጀልባዎች በአንዱ ላይ ነው። እንግዶች አሳፍራለሁ፣ ጉማሬው ያለበትን አሳያለሁ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ግጥም እጽፋለሁ። ባለጀልባውን ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ውሃ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ደህና ሲሆኑ በአማርኛ፣ ሲናደዱ በሲዳምኛ ይናገራሉ። ግጥሜን አንድም ቀን ሰምተው ባያውቁም «ባለቅኔው» ይሉኛል፤ በተለይ ገመድ መፍታት ስረሳ።

በቡሹሎ በኩል፣ ደንገሉ የሚያልቅበት ቦታ፣ ውሃው ሸሽቶ የተወው ጭቃ አለ። እዚያ ላይ ድንቢጥ የሚያክሉ፣ እግራቸው የክብሪት እንጨት የመሰለ ግራጫ ወፎች ይውላሉ። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም። አንድ ነገር ብቻ ይወደድላቸዋል። ጋሼ ሞተሩን አስጓርተው ወደ ጭቃው ሲጠጉና ሲያጨበጭቡ ወፎቹ ባንዴ ይነሳሉ፤ አየር ላይ ሲገለበጡ ነጭ ሆዳቸው ብልጭ ይላል። እንግዳው «ወይኔ!» ብሎ ስልኩን ያወጣል። የሁሉም ጀልባ ሥራ እንዲህ ነው።

የወፎቹን አገር የነገረችኝ ለመመረቂያ ጥናቷ ጀልባችንን ትከራይ የነበረች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽሯን እያዋሰችኝ፣ «እነዚህ የተፈለፈሉት እዚህ እንዳይመስልህ፤ ቱንድራ ነው» አለችኝ። ቱንድራ በዓለም ሰሜን ጫፍ፣ በአርክቲክ ያለ ዛፍ የማይበቅልበት ሜዳ ነው። ከሥር መሬቱ ዓመቱን ሙሉ እንደ በረዶ የጠጠረ ነው። በዚያ አጭር በጋ ላዩ ብቻ ይላላና ሣርና አበባ ያወጣል፤ ፀሐይዋ አትጠልቅም፣ ትንኙ እንደ ደመና ይፈላል። ወፎቹ እንቁላላቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ ታቅፈው፣ ጫጩቶቻቸውን በዚያ ትንኝ ያሳድጋሉ።

ዓለም ስትሞቅ ግን ያ መሬት ይቀልጣል። ከውስጡ ታምቆ የኖረው የጥንት ተክል ይበሰብስና የሚተነፍሰው ጋዝ ሙቀቱን ይብስ ያባብሰዋል። ትንኙም ጊዜውን ይስታል፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ማዕዱ ተነስቷል። ከባድ መኪና አንዴ ያለፈበት ዱካ እንኳ ለብዙ ዓመት አይሽርም አለችኝ። ይሄን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፣ ስለ ታማሚ ዘመድ እንደሚወራው።

ተመርቃ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። እኔን ደግሞ ያላየሁት አገር ይናፍቀኝ ጀመር። ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም፤ ፓስፖርት የለኝም። መናኸሪያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የረዳቶቹን ጥሪ ቆሜ እሰማለሁ፤ ወደዚያ የሚጣራ መኪና የለም። እዚያ የሚደርሱልኝ ወፎቹ ብቻ ናቸው። በሚያዝያ የሚበሉት ለመንገድ እንደሆነ፣ ስንቃቸውንም የሚይዙት በገላቸው እንደሆነ ተማሪዋ ነግራኛለች። በተነሱ ቁጥር ከዚያ ስንቅ ይጎድላል።

«ጋሼ፣ ይህን ወር ባናስነሳቸውስ?» አልኳቸው አንድ ጠዋት።

«ምን ሆኑ?»

«ሊሄዱ ነው። ዛፍ የሌለበት አገር።»

«ታዲያ የት ያድራሉ?»

«መሬት ላይ።»

«አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዛፍ ትቶ መሬት ላይ ሊተኛ የሚሄድ ወፍ ጅል ነው!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «እኔ ብተው ሌላው ያስነሳቸዋል። እንግዳውም ወደ ሌላው ይሄዳል።»

እውነታቸውን ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የሐዋሳ ልጅ የሆነች ሙሽራ ከነባሏና ከነሚዜዎቿ ተሳፈረች። እየዘመሩ ጭቃው አጠገብ ስንደርስ ቪዲዮ አንሺው ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ ወፎቹን ከሙሽሮቹ ኋላ ያስነሱልኝ!»

ጋሼ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሱን ጠይቀው። ወፎቹ የባለቅኔው ናቸው።»

ጀልባው በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ሚዜ «ከብት ሲያጣ ነው ወፍ ያረባው?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ቱንድራ የጻፍኳቸው ስንኞች ነበሩኝ፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ።

«ሩቅ አገር ሊሄዱ ነው» አልኩ። «የሚፈለፍሉት እዚያ ነው። አገሩ በሙቀት እየተጎዳ ነው፤ ደክመው ከደረሱ ላይተርፉ ይችላሉ። አሁን የሚበሉት ስንቃቸውን ነው።»

«ወንድሜ፣ አንዴ በመነሳት ወፍ አይሞትም!» አለ ቪዲዮ አንሺው።

«ዛሬ ካንተ በፊት የመጣውም አንዴ ነው ያለው።»

ሙሽራዋ ወደ ወፎቹ ዞረች። «መቼ ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

«ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት።»

«እኔ ማክሰኞ ነኝ» አለች። ባሏ ሥራው ድሬዳዋ ነው። ቬሎዋን ከጀልባው ወለል ሰበሰበችና «ተዋቸው፣ ይብሉ» አለችው ቪዲዮ አንሺውን።

ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። የወፎቹን ድምፅ ያን ያህል ከቅርብ ሰምቼው አላውቅም፤ ቀጭን ነው። ምንቃራቸው እንደ ስፌት መኪና መርፌ ጭቃውን ይወጋል። ብዙም አልቆየ፤ ከኋላችን ሌላ ጀልባ መጥቶ አጨበጨበና ሁሉንም አስነሳቸው። ጋሼ ተነስተው በሲዳምኛ የጮኹበትን እዚህ አልጽፈውም።

ግንቦት ሲገባ፣ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ባደረ በአንድ ጠዋት፣ ጭቃው ባዶ ነበር። በረሃ ላይ ይሁኑ ባሕር ላይ የምጠይቀው ሰው የለም። የዚያን አገር ዕጣ የሚወስኑት ሰዎች የእኛን ጭቃ አያውቁትም። ነዳጅ የሚቆፍሩት፣ የሚያነዱት፣ እኛም ከነሞተራችን፣ ያን ቅዝቃዜ እየበላነው ነው። ቅዝቃዜው ይቆይ እንጂ እኔ ባላየውም ግድ የለኝም እላለሁ፤ ግን ውሸቴን ነው፣ ማየት እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ በዚያ በማትጠልቀው ፀሐይ፣ አንዷን እንቁላሏ ላይ ተቀምጣ።

ከሰዓት እንግዶች ጭነን ወጣን። ጋሼ ጭቃው ጋ ሲደርሱ ራቅ ብለው ዞሩ። ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ባዶውን ጭቃ እያየ «በዚህ በኩል አይሻልም ነበር? ምንም የለበትም እኮ» አላቸው።

«ሰው አለው» አሉ ጋሼ፣ መናኸሪያ ውስጥ ለተያዘ ወንበር እንደሚባለው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።