ለሞተ ሰው በኑዛዜ የተሰጠ ቤት

እዚህ ጅቡቲ ኖቴር ከምንለው የውልና የኑዛዜ ቢሮ በአስተርጓሚነት የተቀጠርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ማዳም አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ። "በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ለባለጉዳዮቹ በአማርኛ ታነቢላቸዋለሽ። 'ገባኝ' ቢሉሽ አትመኚ። በራሳቸው ቃል መልሰው ይንገሩሽ፤ ከዚያ ይፈርማሉ።"

ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያው ሠራሁ። የእኛ ሰው አንዴ ከተናዘዘ በኋላ ወረቀቱን መንካት አይወድም። ሞትን መጎትጎት ይመስለዋል።

ጋሼ ግርማ የአርሂባ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አባታቸው ከምድር ባቡሩ ጋር የመጡ። አንድ ሐሙስ የሐኪም ወረቀት ሊያስተረጉሙ መጡ። ቅዳሜ ለልብ ሕክምና አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው።

"ኑዛዜዎስ ጋሼ?" አልኳቸው።

"እዚሁ እናንተ ዘንድ አይደል! በሱ በኩል ሐሳብ የለብኝም።"

አውጥቼ አነበብኩላቸው። ቤቱ ለታናሽ ወንድማቸው ይላል።

"እሱማ ሞተ፣ ነፍሱን ይማረው። ቤቱ የብርቱካን ነው።"

ብርቱካን የሟች ጎረቤታቸው ልጅ ናት። በልጅነቷ አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው አጥብተው፣ በሽማግሌ ፊት የጡት ልጃቸው አድርገዋታል። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ ምግብ እያበሰለች የምታስታምማቸው እሷ ናት።

"ወረቀቱ ላይ ግን የለችም፣ ጋሼ።"

"ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ።"

"የት ናቸው?"

በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለቱ ሞተዋል፤ ሦስተኛው ካናዳ ነው። "እኔ ብሞት የወንድሜ ልጆች ያስወጧታል?" አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። ሰዓቴን አየሁ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰባት ላይ ቢሮው ይዘጋል፤ እዚህ ዓርብና ቅዳሜ ሥራ ስለሌለ እስከ እሑድ አይከፈትም፤ የዕለቱ ጫት ከተማ ከገባ ደግሞ ሰው ሁሉ ለመቃም ስለሚበተን ምስክር ፍለጋ ከንቱ ነው። ማዳም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ በሩ ላይ ቆምኩባት።

"እሑድ ይምጡ" አለች።

"ቅዳሜ ይሄዳሉ።"

ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ከፎቶ ኮፒ ቤቱና ከፋርማሲው ሁለት ሰዎች እየጎተትኩ አመጣሁ። ባለፋርማሲው ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል፤ ግን ተቀመጠ። ማዳም ጻፈች፣ እኔ አነበብኩ። ጋሼ ግርማ በራሳቸው ቃል መለሱልኝ፦ "የበፊቱ ቀርቷል። ቤቴ የልጄ የብርቱካን ነው።" ፈረሙ። እፎይ!

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ የራሴን ኑዛዜ አወጣሁ። የሰው ወረቀት ሳስተካክል የኖርኩት ሴትዮ፣ ቤቴን ከስድስት ዓመት በፊት ለፈታሁት ባሌ አውርሼው ኖሯል! ብቻዬን ሳቅሁ።

ጋሼ ግርማ ከሦስት ወር በኋላ ድነው ተመለሱ። "ያን ሁሉ ያዋከብሽኝ ላልሞት ነው?" ብለው ቀለዱብኝ። ብርቱካን ግን አንገቴን አቅፋ ቶሎ አልለቀቀችኝም።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ሰው ሲሞት፣ ልጅ ሲመጣ፣ ትዳር ሲመሠረት ወይም ሲፈርስ ኑዛዜው ወጥቶ ይነበባል። የተለወጠ ነገር ካለ በዚያው ሳምንት ይስተካከላል።