እናቴ ያልበላቻቸው ቁርሶች፤ ከእስቴ እስከ ጋይንት

ከባሕር ዳር የተነሣነው በሁዳዴ እኩሌታ ላይ፣ ገና ሳይነጋ ነው። የጉዞዬ ዓላማ ሲነገር ያስቃል፤ እናቴን ቁርስ ለማብላት ወደ ስማዳ መሄድ። እኔን ግን አላሳቀኝም። አናድዶኛል፤ ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልበረደልኝም።

እናቴ ስኳር አለባት። ጧት ጧት መርፌ ትወጋለች። ሐኪሟ "መርፌውን ተወግተው ካልበሉ ስኳሩ ወርዶ ይጥልዎታል" ብሎ ደጋግሞ ነግሯታል። እሷ ደግሞ የራሷን ፍርድ ፈረደች። መርፌ በአፍ አይገባምና ጾም አይሽርም፤ ምግብ ግን ይሽራል። ስለዚህ መርፌውን በጧት ትወጋና እህል የምትቀምሰው ቅዳሴ ሲወጣ፣ በዘጠኝ ሰዓት ነው። በጾሙ መግቢያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ወድቃ ሰዎች ተሸክመው አመጧት። የሰፈራችን ቄስ መጥተው "በሽተኛ አይጾምም፤ ይብሉ" ቢሏት "እርስዎ የንስሐ አባቴ አይደሉም" ብላ መለሰችላቸው።

የንስሐ አባቷ አባ ተክሌ ያሉት በትውልድ አገሯ በስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ደብር ነው። እርጅና ተጭኗቸው ወደ እኛ መምጣት ከተዉ ቆይተዋል። በስልክ ላገናኛት ብል "ንስሐ በስልክ? ምን ዘመን ላይ ደረስን!" ብላ ስልኩን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። እንግዲህ ምን ላድርግ? ልብሳችንንና መድኃኒቱን የያዘውን ቴርሞስ ሸክፌ መናኸሪያ ወረድን።

መካነ ኢየሱስ

በደብረ ታቦር አድርገን እስቴ መካነ ኢየሱስ ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። መኝታ የያዝነው ከመናኸሪያው አጠገብ ነው። የሆቴሉ በር ላይ "የመኝታ ዋጋ ቁርስን ይጨምራል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ደስ አለኝ። እናቴ ምግብ ሲጣል አትወድም፤ የተከፈለበት ቁርስ ፊቷ ሲቀርብ ትራራ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ጧት ቁርሱ መጣ። እውነቱን ልናገር፤ እንደዚያ ያለ የጾም ፍርፍር በልቼ አላውቅም። በዘይት የወዛ፣ ቃሪያ ጣል ጣል ያለበት፣ በርበሬው ዓይን የሚጠራ። በጎኑ ስልጆ አለ፤ ትኩስ የስንዴ ዳቦና ቅመም ያለው ሻይም ተከተለ። እናቴ መርፌዋን ተወግታ፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

"እማዬ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ።"

"አንተ ብላ። አልከለከልሁህም።"

"መርፌው እኮ ሥራውን ጀምሯል።"

"ይሥራ። እኔም የራሴን ሥራ እሠራለሁ።"

አስተናጋጇ ትሪውን ልታነሣ መጥታ ያልተነካውን ወገን አየች። "ተዋቸው ወንድሜ፣ የእኛ አገር እናቶች እኮ ብርቱ ናቸው" አለችኝ በአድናቆት። ብርቱ! ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ብርቱ የሚባልበት አገር! "አዎ፣ እስኪቀበሩ ድረስ ብርቱ ናቸው" አልኳት። ልጅቷ ደንግጣ ሄደች። ፍርፍሩን እየተናደድኩ ጨረስኩት፤ መጣፈጡም ይባስ አናደደኝ።

ወደ ወገዳ

ከእስቴ ወደ ወገዳ የሚወስደውን፣ መንገድ ብሎ የጠራውን ሰው እግዜር ይቅር ይበለው። ሚኒባሱ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ፣ አቧራው በተዘጋው መስኮት ሳይቀር እየገባ ሄድን። ግራና ቀኙ እህሉ የተነሣበት የገብስና የባቄላ ማሳ ነው። እዚህም እዚያም በሬ ጠምዶ ማሳውን መገልበጥ የጀመረ ገበሬ ይታያል።

ረፋዱ ላይ የእናቴ ግንባር በላብ ተጠመቀ። እጇን ብይዘው ይንቀጠቀጣል። ስጠራት በሞተው ወንድሟ ስም "አቤት ሙሉ" አለችኝ። ሹፌሩን አስቆምኩት። በኪሴ ይዤው የዞርኩትን ስኳር በጥቂት ውኃ በጥብጬ ድዷን በጣቴ ቀባኋት። መዋጥ ስትጀምር ደግሞ ቀስ በቀስ አጠጣኋት። ተሳፋሪው ወርዶ ከቦናል፤ ግማሹ ያማትባል። አንድ ሽማግሌ "ኧረ ጸበል የያዘ የለም?" ይላሉ።

"ጸበል አይደለም የጎደላት፤ ቁርስ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። ለሽማግሌ እንዲህ አይመለስም፤ ቢሆንም ያን ጊዜ ማን ሽማግሌ እንደሆነ የማይበት ዓይን አልነበረኝም።

እናቴ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ምን አጠጣኸኝ?" ብላ ነው።

"ስኳር።"

"ጾሜን አስገደፍኸኝ" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በማግስቱ ጧት፣ ወገዳ ያደርንበት ሆቴል ባለቤት ዘንድ ሄጄ የሚበላ ነገር ለመንኩ። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። "ቁርስ ከቅዳሴ መልስ ነው" አለችኝ።

"ለበሽተኛ ነው።"

"ለሕፃን ነው ብትለኝ ገብስ ቂንጬ አፈላልህ ነበር። ትልቅ ሰውማ ይታገሣል እንጂ።"

በዘጠኝ ሰዓት የሚበላ ቁርስ! ምሳም ያልሆነ፣ ራትም ያልሆነ ነገር ቁርስ ተብሎ ይሸጥልኛል! የዚያን ዕለት መድኃኒቱን ራሴ ያዝኩ። "እህል ሳትቀምሺ መርፌ የለም" አልኳት እናቴን። ዱላዋን አንሥታ ቀደመችኝ፤ ወደ አባ ተክሌ ወጣን።

አባ ተክሌ

አባ ተክሌ ደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ጽድ ሥር ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እናቴ ወድቃ መስቀላቸውን ተሳለመች። ከእሷ ቀድሜ እኔ አፌን ከፈትኩ። የሐኪሙን ቃል፣ የመውደቋን ነገር፣ የመንገዱን፣ የሆቴሎቹን ሁሉ ዘረገፍኩት። አባ እስክጨርስ ታገሡኝና ወደ እናቴ ዞሩ።

"መርፌውን ትወጊያለሽ?"

"አዎን አባቴ። መርፌ ጾም አይሽርም ብዬ።"

"ማን ነው ያስተማረሽ?"

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። አባ ዳዊታቸውን በኃይል ዘጉት። በዚህ ጉዞ ከእኔ የበለጠ የተቆጣ ሰው ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

"ዓምና አንዲት የንስሐ ልጄን ቀበርሁ" አሉ። "ያንቺው በሽታ ነበረባት። ትብላ ብዬ ፈትቻት ነበር። 'ጎረቤት ያየኛል' ብላ ሳትበላ እየዋለች፣ በላሁ ትለኝ ነበር። እኔ ፈታኋት፤ የሰው ዓይን አሰራት። አሁን አንቺ ደግሞ መርፌ እየተወጋሽ እህል ትከለክያለሽ? ይኼ ጾም ነው? ይኼ ነፍስ ማጥፋት ነው! ቀኖና እሰጥሻለሁ፣ ወለተ ሥላሴ።"

እናቴ አንገቷን ደፋች። "ይስጡኝ አባቴ። ስግደቱንም እችላለሁ፤ ጾምም ቢጨምሩብኝ እጾማለሁ።"

"ቀኖናሽ ቁርስ ነው። መርፌሽን በተወጋሽ ቁጥር ትበያለሽ። ተደብቀሽም አይደለም፤ ሰው ባለበት፣ በር ተከፍቶ። ያየሽ በሽተኛ ሁሉ እንዲበላ።"

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ፊቷ እንዲያ ሲቀላ አይቼ አላውቅም።

"አባቴ፣ ስግደቱ ይሻለኝ ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ አባ። "ለዚህ ነው የሰጠሁሽ።"

አርብ ገበያ

የተመለስነው በታች ጋይንት በኩል ነው። አርብ ገበያ ከተማ አድረን ስንነሣ ዕለቱ ገበያ ነበር። የጫኑ አህዮች ከየአቅጣጫው ይገባሉ፤ የሆቴሉም አዳራሽ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ከብርድ በተጠለሉ ነጋዴዎች ተሞልቷል። ሁሉም ባዶ ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ እንጂ አንድም የሚበላ የለም።

ሱፍ ፍትፍትና ትኩስ የገብስ ቂጣ አዘዝኩ። ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ባሳያት እናቴ አለፈችውና መሐል አዳራሹ ላይ ተቀመጠች። መርፌዋን ተወጋች። አማተበች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደችና ቆርሳ በላች።

ነጋዴዎቹ ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ። ከጎናችን ያለ ጋቢ የለበሰ ነጋዴ "እማማ፣ ቅዳሴ እኮ አልተገባም። በዚህ ዕድሜዎ!" አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ምን ልለው እንደነበር እዚህ የሚጻፍ አይደለም። እናቴ ጃኬቴን ስባ አስቀመጠችኝ።

"ተቀመጥ። ስግደቱ ይኼ ነው" አለችኝ። ቀጥላም ወደ ሰውዬው ዞረች። "ስኳር አለብኝ ወንድሜ። ብዪ ያሉኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። ቤትህ የታመመ ካለ፣ ብላ በለው።"

ሰውዬው ዓይኑን ወደ ገበያው መለሰ። እናቴ ማኘኳን ቀጠለች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። ይህን ለማየት ስንት አቀበትና ቁልቁለት የተንከራተትኩ ሰው፣ ማየቱ አቅቶኝ ዓይኔን ወደ ትሪው መለስኩ። ሱፉ ደግሞ ቀዝቃዛ፣ ነጭ፣ ልስልስ ያለ ነበር። እንደዚያ ያለ ቁርስ ፊቴ ቀርቦ ሳልበላው የተነሣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤት

የነፋስ መውጫን ብርድ ተሻግረን ባሕር ዳር ስንገባ ደክሞን ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ስቆጣ የሰነበትኩት በጾሙ ነበር፤ ጾሙ ግን በሽተኛ የሚፈታበት ሥርዓት አለው። እናቴን ሊገድላት የነበረው የእኛ ዓይን ነው። ጾመኛን እያደነቀ፣ በሽተኛን እየታዘበ፣ ሰውን በሙገሳም በሐሜትም የሚያስር ዓይን። ንዴቴ አሁንም አለ፤ አድራሻው ነው የተቀየረው።

በማግስቱ ጧት እናቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ደፉ ላይ ተቀምጣ ቁርሷን ስትበላ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አየቻት። እትዬ ዘውዴም የስኳር በሽተኛ ናት፤ እንደ እናቴ ትወጋለች። አፏን በእጇ ይዛ አለፈች። እናቴ ቀኑን ሙሉ ተክዛ ዋለች።

በነጋታው እትዬ ዘውዴ ተመልሳ መጣች። ከእናቴ ጎን ደፉ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር አብጧል። እናቴ እጇን ሰድዳ ጫፉን ገለጥ አድርጋ አየችው፤ ዳቦ ነው።

"ምን ትደብቂዋለሽ!" ብላ ተቆጣቻት። "አውጭው!"