«በድንገት» በቻይንኛ

ቅዳሜ ጠዋት... ጣሊያን አገር፣ የቻይና ሱቅ የበዛበት ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ቻይንኛ ክፍል ውስጥ ነኝ።

ቻይንኛ የጀመርነው ከራሄል ጋር ነው። ቶር ፒኛታራ ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። «ቻይና ሱቅ ብንቀጠር ሽማግሌ ከመጦር እናርፋለን» ብላ ያስመዘገበችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አልጋዋ ባዶ፣ ሻንጣዋም የለም። ጀርመን መግባቷን ከሰው ሰማሁ።

እኔ ትምህርቱን አልተውኩም። ቅዳሜን ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ብዬ ነው...

አስተማሪያችን ሲኞራ ሊን ጡረታ የወጡ ቻይናዊት ናቸው። የዕለቱ ቃል «በድንገት» ነበር። «ቱራን» ሰው ሁሉ የሚናገረው ነው አሉን። «ጆውራን» ግን ከበድ ይላል፤ የጋዜጣ ነው። ብርዱ ባንዴ ሲከፋ፣ ዋጋ ሲወድቅ።

«በሉ፣ በጆውራን ከራሳችሁ ሕይወት ዓረፍተ ነገር ሥሩ» አሉን።

ተራዬ ሲደርስ ያለችኝን ቻይንኛ ለቃቅሜ «ጓደኛዬ ጆውራን ተለየችኝ» አልኩ።

ሲኞራ ሊን ጠመኔውን አስቀመጡ። ከጎኔ የሚቀመጡት ጣሊያናዊ ሽማግሌ ብድግ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«መቼ ነው ያረፈችው፣ ልጄ?» አሉኝ ሲኞራ ሊን ቀስ ብለው፣ በጣሊያንኛ።

ክው አልኩ። «ኧረ አልሞተችም... ጀርመን ነው የሄደችው።»

አነጋገሬ ለሟች የሚባል መሆኑ ያኔ ገባኝ። እኛስ ብንሆን በአማርኛ «በድንገት ተለየችን» ካልን መርዶ አይደል?

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

«አሎራ፣ እንግዲያው ደውለሽ ንገሪያት፣ ትስቃለች» አሉኝ ሽማግሌው።

«ስልኳን ቀይራለች። አዲሱን አልሰጠችኝም።»

ሳቁ ቆመ። እኔም ሳላስበው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ራሄል ከሄደች ወዲህ ስለሷ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። የጠየቀኝም አልነበረም...

ሲኞራ ሊን ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ሽማግሌውም መሐረባቸውን አቀበሉኝ። ማንም «አይዞሽ» እንኳ አላለኝም። ብቻ አብረውኝ ተቀመጡ።

ቆይተው ሲኞራ ሊን ተነሡና ዓረፍተ ነገሬን ሰሌዳው ላይ ጻፉት። «እንዲህ ከሆነስ ትክክል ነው፤ አላርመውም» አሉ።

እንግዲህ ሰው ሳይሞትብኝ ለቅሶ ደረሱኝ... ያውም በቻይንኛ።